አሮጌ ማችቦክስ መኪና ከነካርቶኑ አገኛችሁ? ሳታጥቡት በፊት ይቺን አንብቡ

የመጫወቻ መኪና እንደምሰበስብ ሰው ካወቀ ወዲህ ስልኬ ላይ የሚገባው ፎቶ ሁሌ አንድ አይነት ነው። አንዲት ትንሽ የብረት መኪና፣ አጠገቧ የተጨማደደ ቢጫና ሰማያዊ ካርቶን፣ ከስር ደግሞ "ይሄ ነገር ኦሪጅናል ነው? አጥቤው ልሽጠው?"። ግማሹ እንደኔ ለንደን የሚኖር ሰው ነው፣ እሁድ ጠዋት ካር ቡት ሴል (ሰው አሮጌ እቃውን በመኪናው ጭኖ አምጥቶ የሚሸጥበት ገበያ) ላይ ያነሳውን ነው የሚልክልኝ። ሌላው ደግሞ አባቱ ድሮ ከውጭ ሲመጡ ያመጡለት ቁምሳጥን አናት ላይ የከረመ እቃ ይዞ ነው። ለእያንዳንዱ በድምጽ መልእክት ማስረዳት ስለሰለቸኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የማወራው እንግሊዝ አገር ሌስኒ የሚባለው ፋብሪካ ከ1953 እስከ 1982 ስላወጣቸው፣ ከ1 እስከ 75 ቁጥር ስላላቸው ትንንሾቹ ማችቦክሶች ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዲንኪና ኮርጊ የሚባሉት ሌሎች የእንግሊዝ መጫወቻ መኪናዎች ላይም አብዛኛው ይሰራል፣ የሚለይበት ጋ ስደርስ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፣ ካርቶኑን ራሱን እንደ እቃ ቁጠሩት። ልጅ መጀመሪያ ቀዶ የሚጥለው ካርቶኑን ስለሆነ መኪናው ተርፎ ካርቶኑ የጠፋበት ይበዛል፣ ስለዚህ አንዳንዴ ከመኪናው ይልቅ ካርቶኑ ነው የሚወደደው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ንጹህ ነጭ ጨርቅ ወይም ፎጣ (ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ)
- የሚያጎላ ሌንስ፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ቢሆን ጥሩ ነው
- ትንሽ የዩቪ ባትሪ፣ የብር ኖት ቼክ የሚያደርጉበት አይነት
- ማስመሪያ
- ለስላሳ የቀለም ብሩሽ (አዲስ መሆን አለበት፣ ቀለም የነካው አይሆንም)
- የጆሮ ጥጥ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና
- አሲድ የሌለው ስስ መጠቅለያ ወረቀት
- የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፖሊስተር መያዣ
- እርሳስና ደብተር

ስኮች፣ ሱፐር ግሉ፣ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው)፣ ደብሊው ዲ 40 (የሚነፋው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት) እዚህ ዝርዝር ላይ የሉም። ረስቻቸው አይደለም፣ ከክፍሉ አውጧቸው።

1. መጀመሪያ ፎቶ

ምንም ሳትጠርጉ፣ አቧራውም ሳይራገፍ፣ መኪናውን በአራቱም ጎን፣ ከላይና ከሆዱ፣ ካርቶኑን ደግሞ በስድስቱም ፊት አንሱት። ለምን? በኋላ የሆነ ነገር ቢላጥ ከመጀመሪያውም ተልጦ እንደነበር ወይም እናንተ እንደላጣችሁት የሚለይላችሁ ያ ፎቶ ብቻ ነው። የሚገዛ ሰውም ያልተነካ እቃ ማየት ይፈልጋል።

2. ከካርቶኑ ማውጣት

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ካርቶኑ በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍ ክዳን አለው፣ ክዳኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባ ምላስ አለ፣ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች። ስልሳ ዓመት የታጠፈ ካርቶን እጥፋቱ ላይ ደርቋል፣ በጥፍር ፈልቅቃችሁ ብድግ ካደረጋችሁት ቀጥ ብሎ ነው የሚቀደደው።

ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው ጫፍ ሲከፈት እንደኖረ እዩ፣ መስመሩ ነጣ ያለው ወይም ላላ ያለው ነው። በዛው ክፈቱ። ሌላኛው ምናልባት ከፋብሪካ ከወጣ ተከፍቶ አያውቅም፣ እሱን ተዉት። የካርቶኑን ጎንና ጎን በሁለት ጣት በስሱ ጫን ስትሉት አፉ ትንሽ ያብጣል፣ ምላሱም ሳይፋቅ ይወጣል። ከዛ ፎጣው ላይ ዘንበል አድርጉት፣ መኪናው ራሱ ተንሸራቶ ይወጣል። በጣት አትጎትቱት፣ ጎማው ጆሮውን ይዞት ይሄዳል።

3. ሆዱን አንብቡ

መኪናውን ገልብጡት። "ሌስኒ" እና "ሜድ ኢን ኢንግላንድ" የሚል ካገኛችሁ እኛ ከምናወራው ዘመን ነው። "ማካው" (ሆንግ ኮንግ አጠገብ ያለች ከተማ ናት) የሚል ካገኛችሁ ግን ሌስኒ በ1982 ከስሮ ብራንዱ ዩኒቨርሳል ለሚባል የሆንግ ኮንግ መጫወቻ ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ የመጣ ነው፣ የእንግሊዝ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም የእንግሊዝ አይሆንም።

⚠️ ሆዱ ላይ ያለ ዓመተ ምህረት የተሰራበት ቀን ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። በተለይ ሆት ዊልስ በሚባሉት የአሜሪካ መጫወቻ መኪናዎች ላይ የሚታየው ዓመት የሞዴሉ የባለቤትነት መብት የተመዘገበበት ነው፣ በዛው ሞዴል ከብዙ ዓመት በኋላም መኪና ይወጣል። "1968 ይላል" ብሎ ትናንት ሱፐርማርኬት የተሸጠ ሆት ዊልስ የላከልኝ ሰው አለ፣ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ግራ ገብቶኝ ነበር።

4. ጎማውንና ዘንጉን እዩ

ዓመተ ምህረቱ ካልረዳን ጎማው ይረዳናል። ማችቦክስ መጀመሪያ ላይ ጎማው ራሱ ብረት ነበር፣ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ መጣ፣ አንዳንዱ ላይ ብርማ ፕላስቲክ፣ ከዛ በ1960ዎቹ ጥቁር ፕላስቲክ። ከ1969 ጀምሮ ሱፐርፋስት የሚባሉት ቀጭን ሽቦ ዘንግ ያላቸውና ሲገፉ የሚበሩት ገቡ (ሆት ዊልስ በ1968 ገብቶ ገበያውን ስለወሰደባቸው ነው የቀየሩት)።

የዘንጉን ጫፍ ደግሞ በሌንስ እዩት። የድሮዎቹ ላይ ጫፉ በፒንሳ የተጨፈለቀ ይመስላል፣ ኋላ ላይ እንደ ምስማር ራስ ክብ ሆኗል። ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ አንድ ሞዴል በብረት ጎማም በግራጫ ጎማም ወጥቶ ከሆነ ሰብሳቢው ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያየ እቃ ነው የሚያያቸው፣ ዋጋቸውም ሊራራቅ ይችላል፣ ብልጥ ሻጭ ደግሞ ጎማ ይቀይራል። የተቀየረ ጎማ ዘንጉ አዲስ ያበራል ወይ ጫፉ ላይ የፒንሳ ጭረት አለው።

5. ካርቶኑና መኪናው ይተዋወቃሉ ወይ?

ይሄኛውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ እኔ ራሴ ገንዘብ የከፈልኩበት ትምህርት ነው።

አንድ ሻጭ ቀይ ባለፎቅ የለንደን አውቶቡስ፣ 5 ቁጥር፣ ከነካርቶኑ ብሎ ሸጠልኝ። አውቶቡሱ በላስቲክ፣ ካርቶኑ ለብቻው ነበር። ካርቶኑ 5 ይላል፣ አውቶቡሱም 5 ይላል፣ ሁለቱም ላይ አውቶቡስ ነው ያለው፣ ምን ልጠርጥር? ቤት ገብቼ ላስገባው ስል አፍንጫው ገባና ቂጡ ውጭ ቀረ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሌስኒ አንድን ቁጥር ደጋግሞ ነው የሚጠቀምበት። 5 ቁጥር አውቶቡስ በ1954፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 አራት ጊዜ በአዲስ ቅርጽ ወጥቷል፣ በየጊዜውም እያደገ። የመጀመሪያው 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የመጨረሻው 7 ይሞላል። ሰብሳቢዎች ለመለየት 5ኤ፣ 5ቢ፣ 5ሲ፣ 5ዲ ይሏቸዋል። የኔ ካርቶን የድሮው ነበር፣ አውቶቡሱ የ1965ቱ። ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው፣ ግን ባልና ሚስት አይደሉም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. መኪናውን በማስመሪያ ለኩ፣ ካርቶኑንም ለኩ። መኪናው ሳይጨናነቅ፣ ሳይንገዋለልም መግባት አለበት።

ለ. ካርቶኑ ላይ ያለውን ስዕል ከመኪናው ጋር አስተያዩ። መስኮት፣ የፊት መብራት፣ ማስታወቂያው ሳይቀር። የመጀመሪያው አውቶቡስ ጎኑ ላይ "ባይ ማችቦክስ ሲሪስ" ይላል፣ የኋለኛው ላይ "ቪስኮ ስታቲክ" የሚል የሞተር ዘይት ማስታወቂያ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሐ. ጽሁፉን አንብቡ። የ1950ዎቹ ካርቶን ላይ "ሞኮ" የሚል ስም ከሌስኒ ጋር አለ፣ ሞኮ አከፋፋዩ ነበር። ኋላ ሞኮ ወጥቶ ሌስኒ ብቻውን ቀረ። የድሮዎቹ ቢጫና ሰማያዊ ሆነው በመስመር የተሳለ መኪና ነው ያላቸው፣ በ1960ዎቹ በሙሉ ከለር የተቀባ ስዕል መጣ፣ ከዛ "ሱፐርፋስት" የሚል ቃል የተጻፈባቸው። ብረት ጎማ ያለው መኪና ሱፐርፋስት ካርቶን ውስጥ ካገኛችሁ አንድ ሰው ከጎረቤት ነው ያመጣለት።

ዲንኪ ላይ ደግሞ አንድ የምወደው ምልክት አለ። በ1950ዎቹ ካርቶን ጫፉ ላይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ፣ ክብ የቀለም ነጥብ ታገኛላችሁ፣ ውስጥ ያለው መኪና በዛ ቀለም መሆን አለበት፣ ባለሱቁ ሳይከፍት እንዲያውቅ ነው። አረንጓዴ ነጥብ ይዞ ውስጡ ቀይ መኪና ከሆነ ተቀያይሯል። ከዛ በፊት አብዛኞቹ ትንንሽ ዲንኪዎች ስድስት ስድስት ሆነው በአንድ ካርቶን ነበር ሱቅ የሚደርሱት፣ ስለዚህ የ1940ዎቹ ዲንኪ "የራሱ ካርቶን" ይዞ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

ኮርጊ ላይ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ተጨማሪ ነገርም ቁጠሩ። የ1965ቱ ወርቃማ የጀምስ ቦንድ አስቶን ማርቲን፣ 261 ቁጥር፣ መመሪያ የያዘች ፖስታና መለዋወጫ የሆነች ትንሽ የሰው አሻንጉሊት ይዞ ነው የሚመጣው። እነሱ ከሌሉ እቃው ጎዶሎ ነው።

6. ካርቶኑ ሪፕሮ ነው?

ሪፕሮ ማለት አሁን በፕሪንተር የታተመ ቅጂ ነው። ሪፕሮ ነው ተብሎ ቢሸጥ ነውር የለውም፣ ብዙ ሰው መደርደሪያ ላይ ለማሳመር ይገዛዋል። ችግሩ ከሶስተኛው እጅ በኋላ ያቺ ቃል መጥፋቷ ነው።

ሌንሱን አምጡና ቀለም የሞላበት ቦታ ላይ አድርጉ። የድሮዎቹ ቢጫና ሰማያዊ ካርቶኖች ላይ ቀለሙ ድፍን ነው፣ የፊደሉ ጠርዝ ጥርት ያለ። ባለሙሉ ከለሮቹ ላይ ደግሞ ነጠብጣቦቹ በስርዓት የተደረደሩ ናቸው። የቤት ፕሪንተር ግን ቀለሙን ይረጨዋል፣ በሌንስ ስታዩት በርበሬ የተበተነበት ይመስላል፣ ትንንሽ ፊደሎቹም ይደፈርሳሉ። ሌላው፣ ቅጂው ከአሮጌ ካርቶን ስካን ከተደረገ ጭረቱና እድፉ አብሮ ይታተማል፣ በዓይን ጭረት ይታያችኋል በጣት ስትዳስሱት ግን ልሙጥ ነው።

ቀጥሎ መብራት አጥፉና ካርቶኑን በዩቪ ባትሪ እዩት። ያሁኑ ዘመን ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚገባበት ኬሚካል አለው፣ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ያለው አይነት፣ ዩቪ ሲያርፍበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል። የድሮ ግራጫ ካርቶን ደብዛዛ ነው የሚሆነው። ⚠️ ግን ይሄ ብቻውን አያስፈርድም፣ ያ ኬሚካል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወረቀት ውስጥ ስለገባ የ1970ዎቹ ኦሪጅናል ካርቶንም ሊበራ ይችላል፣ ከሌንሱ ጋር አብራችሁ ፍረዱ። ባትሪውንም ወደ ዓይን አታዙሩት።

በመጨረሻ የውስጥ ጆሮዎቹን እዩ። አንዳንድ ሪፕሮ የሚሰሩ ሰዎች እዛ ጋ በትንሹ ምልክት ያትማሉ፣ ጆሮው በመቀስ ተስተካክሎ ከተቆረጠ "ለምን ተቆረጠ?" ብላችሁ ጠይቁ።

7. ቀለሙ የፋብሪካ ነው? ብረቱስ ጤነኛ ነው?

ሆዱና አካሉን የሚያያይዘው ሪቬት ላይ አተኩሩ። ያልተነካ ሪቬት ራሱ ክብና ልሙጥ ነው። መኪና በደንብ ለመቀባት መፍታት ያስፈልጋል፣ ለመፍታት ደግሞ ሪቬቱን በድሪል መብሳት፣ ስለዚህ የተበሳ፣ ቡሎን የገባበት ወይ ማጣበቂያ የሚታይበት ሪቬት ካያችሁ መኪናው ተፈትቷል። ቀለሙ ወፍሮ ፊደሎቹንና የበሩን መስመር ከደፈነም ሁለተኛ ቅብ ነው።

ብረቱ ዚንክ ላይ አልሙኒየም ተጨምሮበት የተሰራ ቅይጥ ነው። ቅይጡ ውስጥ እርሳስ (የሚጻፍበት ሳይሆን ሌድ የሚባለው ብረት) ሾልኮ ከገባ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ እኔ የብረት ነቀዝ ነው የምለው። ምልክቱ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ፣ ያበጠ ወይም የተጣመመ አካል፣ ሲነካ የሚረግፍ ግራጫ ፍርፋሪ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሰሩ ዲንኪዎች ላይ ብዙ ይታያል፣ ማችቦክስ ላይ ብርቅ ነው። መድኃኒት የለውም፣ ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል፣ ወደ ሌላ መኪና ግን አይጋባም። የገዛችሁት እንደሆነ ሳትነኩ አስቀምጡት፣ ያልገዛችሁት እንደሆነ እለፉት።

8. ማጽዳት (ከቻላችሁ አታጽዱ)

ካርቶኑን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፣ ከመሀል ወደ ጠርዝ። ውሃ፣ እርጥብ ሶፍት፣ አልኮል የለም፣ ቀለሙ ይነሳል ካርቶኑም ያብጣል። የድሮ ሱቅ የዋጋ ወረቀት ከተለጠፈበት ተዉት፣ ስትልጡት የካርቶኑን ቆዳ ይዞ ነው የሚመጣው።

መኪናው ላይ ተለጣፊ ጽሁፍ ካለ (እንደ አውቶቡሱ ማስታወቂያ) እሱም ደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው፣ ያ ጽሁፍ ድሮ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ተነክሮ የተለጠፈ ስለሆነ በውሃ ይነሳል። ጽሁፍ ከሌለው አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ሳሙና፣ የጆሮ ጥጡን ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ቦታ በቦታ። መዘፍዘፍ አይቻልም፣ ዘንጉ ብረት ስለሆነ ውሃ ውስጡ ገብቶ ይዝጋል፣ ዝገቱም ጎማው ላይ ይወርዳል። ጨርሳችሁ ፎጣ ላይ ሙሉ ቀን ተዉት። ቸኩላችሁ ወደ ካርቶኑ ከመለሳችሁት የቀረችው እርጥበት ካርቶኑን ከውስጥ ታሻግተዋለች።

⚠️ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ነክታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ ለህጻን ልጅ መጫወቻ አትስጡት፣ ሁሉንም ነገር አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።

9. ማስቀመጥ

መኪናውን አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሉት፣ ካርቶኑን በፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር መያዣ። ፒቪሲ ግን አይሆንም፣ ገና ሲገዛ ያ የአዲስ መጋረጃ ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ማለት ነው፣ እያደር ዘይት ይለቃል አሲድም ይተፋል። የተጨፈለቀ ካርቶን ከሆነ ውስጡ ትንሽ አነስ ያለ የካርቶን ብሎክ ስሩለት፣ ቅርጹን ይይዝለታል።

የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋን የሲሊካ ከረጢት ጣል አድርጉ፣ ደርዘን አታድርጉ ግን፣ በጣም የደረቀ ካርቶን እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ እቃውን ገዝታችሁ መኪና ውስጥ ጥላችሁ ሥራ አትግቡ። መስኮት አጠገብ መደርደርም ይቅር፣ ቀዩና ቢጫው ይገረጣል።

10. ልትሸጡት ወይ ልትልኩት ከሆነ

መኪናውን ከካርቶኑ አውጡና ለየብቻ ጠቅልሉ። መንገድ ላይ ፓኬቱ በተወረወረ ቁጥር ብረቱ ክዳኑን ከውስጥ እየደበደበ ይበጥሰዋል፣ ጤነኛ ካርቶን ልካችሁ ክዳን የሌለው ነው የሚደርሰው። ዋጋ ስትፈልጉ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጠቀሙ፣ የተጠራ ዋጋማ ማንም ይጠራል።

ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳተው

- የተቀደደ ክዳን በስኮች መለጠፍ። ሙጫው በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ካርቶኑ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከዛ አይወጣም። የተቀደደውን ቁራጭ ብቻ በትንሽ ፖስታ አብራችሁ አስቀምጡት።
- ናፍታሊን መጨመር። እናቶቻችን ቁምሳጥን ውስጥ ስለሚያደርጉት ሰው ደህና ይመስለዋል፣ ጭሱ ግን አንዳንድ ፕላስቲክ ያለሰልሳል፣ መስኮቱና ጎማው ላይ ሊጣበቅ ይችላል።
- የተላጠውን ቦታ በጥፍር ቀለም "መሙላት"። የተላጠ ኦሪጅናል ከተነካካ ይሻላል፣ ገዢ ሌንስ ይዞ ነው የሚመጣው።
- ያልተሽከረከረ ጎማ ላይ ደብሊው ዲ 40 መንፋት። ይሽከረከራል አዎ፣ ዘይቱ ግን በሳምንቱ ካርቶኑ ላይ ክብ እድፍ ሆኖ ይወጣል።
- ካርቶኖችን በላስቲክ ጠፍሮ ማሰር። ላስቲኩ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ቀልጦ ይለጠፋል።
- ካርቶኑ ላይ በቢክ ቁጥር ወይም ዋጋ መጻፍ። ደብተሩ ላይ ጻፉት፣ ቁጥሩን፣ የጎማውን አይነት፣ ካርቶኑ ላይ ሞኮ ይኑር አይኑር፣ ከማን በስንት እንደገዛችሁ። በእርሳስ ይሁን፣ ቢክ ጠረጴዛው ላይ ካለ አንድ ቀን ካርቶኑን ይነካዋል።